ስንት ኢንች፣ ስንት ነጥብ? የኮምፒዩተር ሞኒተር ልክ ታሪካዊ አመጣጥ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ከሙያችን ታሪክ አንድ ርእስ መርጬ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ስለ ግድብ ወይም ስለ ድልድይ እንደምጽፍ ገምተው ነበር። እኔ ግን የመረጥሁት በየጠረጴዛችን ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ የምናፈጥበትን የኮምፒዩተር ሞኒተር ነው። ለዚህም ምክንያት የሆነኝ ራሴ ተካፋይ የሆንሁበት አንድ ስሕተት ስለሆነ፣ ነገሬን ከዚያ እጀምራለሁ። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት ለንድፍ ክፍል አዳዲስ ሞኒተሮች እንዲገዙ ተወስኖ፣ የቴክኒክ መግለጫውን እንዲያዘጋጁ ከተመረጡት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ቀድሞ የነበሩት ሞኒተሮች ስፋታቸው 24 ኢንች፣ ሬዞሉሽናቸውም 1920 በ1080 ነጥብ ነበር። እኛም «ስፋቱ ከ27 ኢንች የማያንስ» ብለን፣ ስለ ነጥቡ ብዛት ግን አንዲት ቃል ሳንጽፍ ሰነዱን አሳለፍን። ጨረታውን ያሸነፈው ነጋዴ 27 ኢንች የሆነውን፣ ነጥቡ ግን ያው 1920 በ1080 የሆነውን ርካሽ ዕቃ አቀረበ፤ ከሕግ ውጭ የሠራው ነገር አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት በንድፍ ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገሉ አንድ አንጋፋ ሰው ወደ ቢሮዬ መጥተው፣ «ልጄ፣ ወረቀቱን ያሰፋችሁልኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ወረቀቱ ያው ነው፣ እርሳሱን ነው ያወፈራችሁት» አሉኝ።

የእሳቸውን አነጋገር ወደ ስሌት ብንመልሰው እንዲህ ይሆናል። የሞኒተር ስፋት የሚለካው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ነው። በዚያው ሰያፍ ላይ ያሉት ነጥቦች በፓይታጎራስ ሕግ ሲሰሉ 2203 ያህል ናቸው። ይህ ለ24 ሲካፈል በአንድ ኢንች 92፣ ለ27 ሲካፈል ደግሞ 82 ነጥብ ይደርሳል። ይኸውም እያንዳንዱ ነጥብ በስምንተኛ ያህል ወፈረ እንጂ፣ ከንድፉ አንዲት መስመር እንኳ በተጨማሪ አልታየችም ማለት ነው። ለዐይን የሚበጀው ኢንቹም ብቻ፣ የነጥቡም ድምር ብቻ ሳይሆን፣ ሁለቱ ተካፍለው የሚያስገኙት ሦስተኛው ቍጥር ነው። ታዲያ ይህ 1920 በ1080 የሚባለው ልክ ከወዴት መጣ? ወደ ኋላ ተመልሰን ስንመረምረው፣ የስክሪንን ልክ ሲወስን የኖረው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር እንጂ የሰው ዐይን አለመሆኑን እናገኛለን።

የመጀመሪያው ወሳኝ ወረቀት ነበር። አይ.ቢ.ኤም. በ1928 ባለ 80 ዐምድ የቀዳዳ ካርድ አወጣ። በ1978 የወጣው ቪ.ቲ. 100 የተባለው ተርሚናልም፣ በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተርም በአንድ መስመር 80 ፊደል ይጽፉ ነበር። ካርዱ ከሥራ ሲወጣ ልኩ ቀረ።

ሁለተኛው ወሳኝ የሜሞሪ ዋጋ ነው። በ1973 በካሊፎርኒያ የዜሮክስ ኩባንያ ተመራማሪዎች አልቶ የተባለውን ኮምፒዩተር ሲሠሩ፣ ስክሪኑን እንደ ጽሕፈት ወረቀት ቁመቱ ከአግድመቱ የሚበልጥ፣ 606 በ808 ነጥብ አደረጉት። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቢት ስለሚይዝ ለስክሪኑ ብቻ 61,206 ባይት ያስፈልግ ነበር፤ የኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ደግሞ 128 ኪሎ ባይት ነበረ። ከሀብቱ ግማሽ ያህሉን ለዐይን ምቾት ያዋለ መሣሪያ ነበርና፣ በዚያን ጊዜ ገበያ የሚደፈር አልነበረም።

ለገበያ የቀረበው የ1981 ኮምፒዩተር ሌላ መንገድ ያዘ። ገዢው ከሁለት የግራፊክስ ካርዶች አንዱን ይመርጥ ነበር። የመጀመሪያው ለእያንዳንዱ ፊደል 9 በ14 ነጥብ የሚሰጥ፣ ለንባብም የጠራ ነበር፤ ነገር ግን የሚያሳያቸው 256 ምልክቶች በፋብሪካ የተቀረጹ ስለ ነበሩ፣ ገዢው አንድ መስመር እንኳ ሊሥልበት አይችልም። ሁለተኛው ነጥብ በነጥብ ሥዕል ይሠራል፤ ሆኖም ሜሞሪው 16 ኪሎ ባይት ብቻ ነበር። 640 በ200 ነጥብ በሁለት ቀለም 16,000 ባይት ይሆናል፤ 320 በ200 በአራት ቀለምም ያው 16,000 ባይት ነው። የነጥቡን ብዛት የቈረጠው ይህ ስሌት ሲሆን፣ 200 መስመር የተባለውም ከተራ ቴሌቪዥን ጋር እንዲስማማ ነበር።

ፊደላችን በዚህ ሣጥን ውስጥ ሲገባ ምን ደረሰበት? 640 ለ80 ፊደል፣ 200 ለ25 መስመር ሲካፈል ለአንድ ፊደል የሚደርሰው 8 በ8 ነጥብ ነው። ከስምንቱ ዐምድ አንዱ ለመለያያ ባዶ ይቀርና ሰባት ይተርፋል። ለላቲኑ ‹ኦ› ወይም ‹ቲ› ይህ ይበቃል። የእኛን ‹ሐ› እንውሰድ፤ ለሦስት እግሮቹ ሦስት ዐምድ፣ በመካከላቸው ላለው ክፍተት ሁለት፣ በድምሩ አምስት ይሄዳል። ኀምሱን ‹ሔ› ለመጻፍ በቀኝ እግሩ ግርጌ ቀለበት መጨመር አለብን። እግሩ ራሱ የቀለበቱ አንድ ጎን ቢሆን እንኳ፣ ለቀዳዳው አንድ፣ ለውጩ ጎን አንድ ዐምድ ያስፈልጋል። ሰባቱ አለቀ። የቀለበቱ ቀዳዳ አንዲት ነጥብ ብቻ መሆኗን ልብ ይሏል። የዘመኑ የካቶድ ጨረር ቱቦ ብርሃኑ ወደ ጎን ስለሚፈስ፣ ያቺ ነጥብ በተደፈነች ጊዜ ኀምስና ሣልስ አይለዩም፤ ‹ሴል› ብለን የጻፍነው የባትሪ ክፍል ‹ሲል› ሆኖ ይነበባል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 እንደሚሆኑና፣ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲታከሉበት ከ256 እንደሚያልፉ ስናስብ ደግሞ፣ የመጀመሪያው ካርድ ጭራሽ በሩን የዘጋብን መሆኑን እንረዳለን።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። ቫን ሱዋኑኩል የተባለ የታይላንድ ተወላጅ የዶክትሬት ጽሑፉን በአገሩ ፊደል በኮምፒዩተር ሊጽፍ ሲነሣ በሁለቱም ካርዶች አልሆነለትም። በመሆኑም በ1982 ሄርኩለስ የተባለውን፣ 720 በ348 ነጥብ የሚያሳይ ካርድ እንደ ሠራ ይነገራል። ለአንድ ገጽ የሚያስፈልገው 31,320 ባይት፣ ማለትም የቀድሞው እጥፍ ያህል ነው፤ ካርዱም 64 ኪሎ ባይት ስለ ነበረው ሁለት ገጽ ይይዛል። ከዚያ በኋላ የሒሳብ ሠራተኛውም፣ ነዳፊውም የሚገዛው ዕቃ ሆነ። ፊደሉን ከሣጥኑ ጋር ለማስማማት ከመቍረጥ ይልቅ ሣጥኑን ያሰፋ ሰው ስለሆነ፣ እኔ በበኩሌ ስሙ በሙያ ትምህርት ቤቶች ቢነሣ ደስ ይለኛል። በዚያው በ1980ዎቹ በአገር ውስጥም በውጭም የነበሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ፊደላችንን በኮምፒዩተር ለማስጻፍ የደከሙት ድካም ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋል።

በ1987 የወጣው ቪ.ጂ.ኤ. 640 በ480 ነጥብ ይዞ መጣ። ለነዳፊ ትልቁ ጥቅሙ ነጥቡ እኩል ማዕዘን መሆኑ ነበር። በፊተኛው 640 በ200 የአንዱ ነጥብ ቁመት ከወርዱ 2.4 እጥፍ ስለ ነበረ፣ ነጥብ ቈጥሮ የተሣለ ክብ እንቍላል ይሆን ነበር። 4 ለ3 የሚባለው የስክሪን ቅርጽ ራሱ ከኮምፒዩተር የተወለደ አይደለም። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በኤዲሰን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዊልያም ዲክሰን ለፊልም የመረጠው ነው፤ ከፊልም ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ጠረጴዛችን ወረደ።

ቴሌቪዥን በዚህ አልተወንም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ጥሩ የሚባለው የቢሮ ሞኒተር 1920 በ1200 ነጥብ ነበረው። በዚያ ዐሥር ዓመት መጨረሻ ግን ፋብሪካዎች ለቴሌቪዥንና ለኮምፒዩተር አንድ ዐይነት ቅርጽ ማምረት ስለ ረከሰላቸው፣ ወደ 1920 በ1080 ዞሩ። ከቁመቱ 120 መስመር፣ ማለትም ዐሥር በመቶ ተቈረጠ። ለፊልም ተመልካች ይህ ጕዳት አይደለም፤ ደብዳቤና የንድፍ ሰንጠረዥ ለሚያነብ ግን የገጹ ግርጌ ጠፋበት። እኛ በጨረታ የተቀበልነውም ይህንኑ የቴሌቪዥን ልክ ነበር።

ዐይን የሚፈልገው ምን ያህል እንደሆነ ሳይታወቅ ቀርቶ አይደለም። በ2001 አይ.ቢ.ኤም. ያወጣው ቲ 221 የተባለው ሞኒተር በ22.2 ኢንች ላይ 3840 በ2400 ነጥብ፣ በአንድ ኢንችም 204 ነበረው። ዋጋው ከብዙዎች ዐቅም በላይ ነበር፤ ፕሮግራሞቹም ፊደልን በተወሰነ ነጥብ ይሥሉ ስለ ነበር ጽሑፉ እጅግ ደቀቀ። ጤነኛ ዐይን በተለምዶ የሚለየው ትንሹ ማዕዘን የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ነው። ከ60 ሳንቲ ሜትር ሲታይ ይህ 0.17 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በአንድ ኢንች 145 ነጥብ ያህል ይሆናል። 27 ኢንች ሞኒተር በ3840 በ2160 ሲሆን 163፣ በ2560 በ1440 ሲሆን 109 ነጥብ በኢንች ይሰጣል። የእኛ 82 ከሁሉ ያንሳል። ዐሥር ፖይንት የሆነ የአማርኛ ፊደል በወረቀት ላይ ባለው እውነተኛ መጠኑ በዚህ ሞኒተር ቢታይ፣ ለቁመቱ የሚደርሰው 11 ነጥብ ያህል ነው። በ1981 ለአንድ ፊደል 14 እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል።

ይህን ስል ሁሉም ሰው 3840 በ2160 ይግዛ ማለቴ አይደለም። ነጥቡ የ1920 በ1080 አራት እጥፍ ስለሆነ አሮጌ ኮምፒዩተር ይንቀራፈፍበታል፤ ፊደልን ማጕላት የማያውቅ የቈየ የንድፍ ፕሮግራም ያለው ክፍልም በ2560 በ1440 የተሻለ ይሠራል። አማርኛ ሰነድ ሲያነብና ሲያርም ለሚውል ሰው ግን የመጀመሪያውን እመርጥለታለሁ።

የገዛናቸው ሞኒተሮች አልተመለሱም። 82 ነጥብ በኢንች ከአንድ ሜትር ከዐሥር ሳንቲ ሜትር ርቆ ለሚያይ ሰው ስለሚበቃ፣ ሠራተኞች ራቅ ብለው ወደሚከታተሉበት ክፍል ተወሰዱ፤ ለነዳፊዎቹም የቀድሞዎቹ 24 ኢንቾች ከንብረት ክፍል ወጥተው ተመለሱላቸው። በሚቀጥለው የጨረታ ሰነድ ከስፋቱ ጎን «በአንድ ኢንች ከ105 ነጥብ የማያንስ» የሚል መስመር ገባ። ተጫራቾችም በዐሥር ፖይንት ‹ሲል› እና ‹ሴል›፣ ‹ሒ› እና ‹ሔ› የተጻፉበትን አንድ ገጽ በናሙናው ላይ ከፍተው እንዲያሳዩ ተጠየቁ። ገጹን ከ60 ሳንቲ ሜትር ርቀው እያነበቡ የሚያልፈውንና የሚወድቀውን እንዲለዩ የተመደቡትም፣ እርሳሱን አወፈራችሁት ያሉኝ አንጋፋው ነዳፊ ነበሩ።