የቤት ውስጥ የውሃ መዝጊያ ቫልቭ፦ መቼና እንዴት ይቀየራል?

በአሜሪካ ብርዳማ ግዛቶች በበረዶ ወራት የቀዘቀዘ የውሃ ቱቦ ሲፈነዳ፣ የመጀመሪያው ተግባር ዋናውን የውሃ መዝጊያ መዝጋት ነው። ይሁን እንጂ ለዓመታት ያልተነካ ቫልቭ በዚያች ሰዓት ፈጽሞ ላይዞር፣ ወይም እጀታው እየዞረም ውሃው ሳይቆም ሊቀር ይችላል። ያረጀ ቫልቭ መቀየር ያለበት እንዲህ ያለ ሌሊት ሳይመጣ ነው።

መዝጊያዎቹ የት ይገኛሉ?

ዋናው ቫልቭ የሚገኘው ከመንገድ የሚመጣው መስመር ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ ነው። በብርዳማዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች አብዛኛውን ጊዜ ምድር ቤት ውስጥ፣ በሞቃታማዎቹ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ወይም በውጭ ግድግዳ ላይ ይሆናል። በብሪታኒያ ብዙውን ጊዜ ከወጥ ቤት ማጠቢያ ሥር ነው። ከዋናው ሌላ በየማጠቢያው ሥርና ከመጸዳጃው ጀርባ ትናንሽ መዝጊያዎች አሉ። ከቤት ውጭ በቆጣሪው አጠገብ ያለው ግን በአብዛኛው የውሃ አቅራቢው ድርጅት ንብረት ነው።

ሁለቱ ዋና ዋና ዓይነቶች

በአሮጌ ቤቶች የሚበዛው ክብ እጀታ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ተሽከርክሮ የሚዘጋው ቫልቭ ነው። በውስጡ እንደ በር ወርዶ ውሃውን የሚያግድ ብረት አለ። ከውሃው የሚወጣ ደለል መቀመጫውን ሲሞላው አጥብቆ አይዘጋም፤ ዘንጉም በዝገት ሊሰበር ይችላል። አዲሱ ዓይነት በመሃሉ የተበሳ ኳስ ያለው ሲሆን፣ በሩብ ዙር ይዘጋል። እጀታው ከቱቦው ጋር ትይዩ ከሆነ ክፍት፣ አግድም ከሆነ ዝግ መሆኑ በዓይን ይታያል። አሮጌው ሲቀየር በአብዛኛው የሚመረጠው ይኸኛው ነው።

ትንሹን መዝጊያ መቀየር

በመጀመሪያ የውሃ ማሞቂያው ይጠፋል፤ ዋናው ቫልቭ ይዘጋል። ከዚያም የላይኛውና የታችኛው ፎቅ ቧንቧዎች ተከፍተው በመስመሩ የቀረው ውሃ እንዲፈስ ይደረጋል። ከመዝጊያው ሥር ባልዲ ይቀመጣል። ቱቦው እንዳይጣመም የቫልቩ አካል በአንድ መፍቻ ተይዞ፣ ማሰሪያው በሌላ መፍቻ ይፈታል። በቀለበት ተጨምቆ የሚታሰር ዓይነት ከሆነ፣ የቱቦው ጫፍ ተጠርጎ አዲስ ማሰሪያና አዲስ ቀለበት ይገባበታል። ውሃውን የሚያግደው ቀለበቱ ስለሆነ በዚህ ጥርስ ላይ ቴፍሎን አያስፈልግም። በጥርስ ብቻ በሚገጣጠም ቱቦ ላይ ግን ቴፍሎን ይጠመጠማል። በመጨረሻም ዋናው ቫልቭ በዝግታ ተከፍቶ መጋጠሚያው በደረቅ ወረቀት ይፈተሻል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላም ፍተሻው ይደገማል።

ልኩን ማረጋገጥ

በአሜሪካ ግማሽ ኢንች የሚባለው የመዳብ ቱቦ የውጭ ስፋቱ 15.9 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በአውሮፓ የተለመደው 15 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም የአንዱ ቀለበት ለሌላው አይሆንም። የብረቱ ይዘትም ሊታይ ይገባል። በአሜሪካ ከጥር 2014 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ለመጠጥ ውሃ የሚሸጥ ቫልቭ፣ ውሃ በሚነካው ገጽታው ያለው የእርሳስ መጠን በአማካይ ከ0.25 በመቶ መብለጥ የለበትም። ቀደም ሲል እስከ 8 በመቶ ይፈቀድ ስለነበር፣ የቆየ ዕቃ ለመጠጥ መስመር አይመከርም።

ለባለሙያ የሚተው ሥራ

ዋናውን ቫልቭ ለመቀየር ውሃው ከመንገድ በኩል መዘጋት አለበት፤ ይህም የአቅራቢው ድርጅት ሥራ ነው። በብዙ ከተሞች ፈቃድ ያስፈልጋል። በተጨማሪም በአንዳንድ ቤቶች የብረት ቱቦው የኤሌክትሪክ መሬት ማስያዣ ሆኖ ስለሚያገለግል፣ መቁረጡ አደጋ አለው። በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ጉዳዩን ለአከራዩ በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርበታል።

ከተቀየረ በኋላ

ቫልቭ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ተዘግቶ ሲከፈት ዕድሜው ይረዝማል። ለረጅም ጊዜ ያልተነካ አሮጌ ቫልቭ ሲሞከር ሊያንጠባጥብ ስለሚችል፣ ሙከራው የቧንቧ ባለሙያ በሚገኝበት የሥራ ቀን ቢሆን ይመረጣል። በእጀታው ላይ በአማርኛ የተጻፈ ምልክት ማንጠልጠልም ይጠቅማል፤ ውሃው ሲፈስ ቤት ውስጥ የሚገኙት ከአገር ቤት የመጡ አያት ብቻ ሊሆኑ ይችላሉና።