ጥርኝና ጎረቤቱ

ሰቃ ሲባል ዛሬ ብዙ ሰው የሚያስበው የሊሙን ቡና ነው። ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት ግን ነጋዴው ዐባይን ተሻግሮ እስከዚያ ድረስ የሚዘልቀው ለቡና ብቻ አልነበረም። ከ1825 ገደማ እስከ 1861 በነገሠው በአባ ባጊቦ ዘመን (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የሊሙ እናርያ መናገሻ ሰቃ ከጊቤ ገበያዎች ሁሉ የገነነች ነበረች። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ኮረሪማ፣ አሳዛኙ ነገር ደግሞ የሰው ልጅም ይሸጥባት ነበር። ከዚህ ሁሉ ጋር ግን በበሬ ቀንድ ታሽጎ፣ አፉ በቆዳ ተለብጦ የሚጓዝ አንድ ትንሽ ሸቀጥ ነበረ። በጎጃም ባሶ አልፎ፣ ጎንደር ደርሶ፣ ምጽዋ ይወርዳል። ዝባድ ነው። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1843 እናርያ የገባው ይህንኑ የነጋዴ መንገድ ተከትሎ ነው።

የዝባድ ስም በታሪክ መጻሕፍታችን ከዝሆን ጥርስ ቀጥሎ ይጠራና ይታለፋል። ዝባዱን ስለሚሰጠው እንስሳ ብዙ ጊዜ የሚባል ነገር የለም። እኔ ግን የንግዱ ጣጣ ሁሉ ከእንስሳው ጠባይ የሚነሣ ይመስለኛል።

ጥርኝ ብቸኛ አውሬ ነው። ሌሊት ወጥቶ ፍራፍሬውን፣ ጢንዚዛውን፣ አይጡን፣ ያገኘውን ይለቅማል፤ ሲነጋ ጥሻው ውስጥ ይተኛል። ወንድና ሴት ለመራባት ካልሆነ አይፈላለጉም፤ ግልገሎቹንም የምታሳድገው እናቲቱ ብቻዋን ናት። ታዲያ በአንድ ጫካ ውስጥ ብዙ ሆነው ሳይናከሱ የሚኖሩት እንዴት ነው? በዝባዱ ነዋ! ከጅራቱ ሥር ካለው እጢ የሚወጣውን ቅባት በዛፍ ግንድና በድንጋይ ላይ ይለቀልቃል። ሌላው ጥርኝ ሲያልፍ ያሸትና ባለቤት መኖሩን ያውቃል፤ መንገዱን ይለውጣል። ዝባድ ማለት እንግዲህ ጎረቤት ለጎረቤቱ የሚተወው ደብዳቤ ነው። ነጋዴው በቀንድ አሽጎ ባሕር የሚያሻግረውም ያንኑ ደብዳቤ ነው።

በሊሙና በጅማ ዙሪያ ይህን ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ የኖሩት በአብዛኛው ሙስሊም ገበሬዎች ናቸው። የሚጠመደው ወንዱ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማኖር ስለማይሞከር ለእያንዳንዱ ከእንጨት የተሠራ የራሱ ማጎሪያ አለው፤ ያውም ዞር ማለት እንኳ የማያስችል ጠባብ። ማጎሪያዎቹ በአንድ ጨለማ ጎጆ ውስጥ ይደረደራሉ፤ ሙቀቱ ዝባዱን ያበዛል ተብሎ እሳት ይነድበታል። በየዘጠኝ በየዐሥር ቀኑ ጠባቂው ጅራቱንና የኋላ እግሮቹን አጥብቆ ይይዝና እጢውን ጨምቆ በማንኪያ ይጠርጋል። ገንፎ፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት ያቀርብለታል፤ ለራሱ ልጆች ዘወትር የማያቀርበውን ማለት ነው። እንግዳ ሰው ወደ ጎጆው አይገባም፤ ዐይን ይፈራል።

«ያው በተፈጥሮው ብቸኛ አይደል፣ ለየብቻው መታጎሩ ምን ይጎዳዋል?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። በጫካ ብቸኝነቱ መሄጃ ያለው ብቸኝነት ነው፤ የሌላውን ሽታ ሲያገኝ ይርቃል። በጎጆው ውስጥ ግን ሌት ተቀን የጎረቤቶቹን ሽታ እየሳበ፣ ፈቀቅ ማለት ሳይችል ይኖራል። ወንድ ብቻ በታጎረበት ደግሞ መራባት የለምና የሞተውን የሚተካው ሌላ የጫካ ጥርኝ ነው። ከተያዙት ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አይዘልቁም።

ጥርኝ ማጎር የእኛ አገር ሙያ ብቻ አልነበረም። በ17ኛው መቶ ዓመት በአምስተርዳምና በለንደንም ለሽቶ ቀማሚዎች ተብሎ ይያዝ ነበር። ዳንኤል ዲፎ በ1692 ለንደን አጠገብ ሰባ ያህል ጥርኞች በብድር ገዛ። በዚያው ዓመት ከሰረ፤ እንስሳቱ በዕዳ ተያዙ፤ የሚስቱ እናት ገንዘብ አውጥታ ወሰደቻቸው፤ እሷም አልተረፈችም፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ገባ። ሰባ ብቸኛ አውሬ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንድም ጊዜ የተጠየቀው የት ይመቸዋል የሚል አልነበረም፤ የማን ነው የሚል ነበር እንጂ። ይኸው ሰው በ1719 ስለ አንድ ብቸኛ የደሴት ነዋሪ መጽሐፍ ጻፈ፤ «ሮቢንሰን ክሩሶ»። ግንኙነት አለው አልልም፤ ትዝ አለኝ እንጂ።

ወደ ሰቃ እንመለስ። አባ ባጊቦ ከሞተ በኋላ፣ በልጁ በአባ ቡልጉ ዘመን፣ ገበያዋ ቀዘቀዘ፤ ነጋዴው ወደ ጅማው ሂርማታ አዘነበለ። ዝባዱ ግን ከንግድ አልወጣም። በ1926 ኬሚስቱ ሊዮፖልድ ሩዢችካ የሽታውን ምንጭ አሠራር ገለጠ፤ በ1939 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነበር። ከዚያ ወዲያ ዝባድን በፋብሪካ ማስመሰል ተቻለ። በ1921 የወጣው የሻኔል ቁጥር 5 ሽቶ ሳይቀር በ1990ዎቹ መጨረሻ የተፈጥሮውን በሰው ሠራሽ ተካ። በዚያው ሰሞን የእንስሳት ተቆርቋሪ ማኅበራት የኢትዮጵያን ማጎሪያዎች ማውገዝ ጀመሩ።

ውግዘቱ እውነት አለው። ጠባቂውም ግን መልስ አለው፤ ገቢው ሲቀር ጥርኙ ለእሱ ዶሮ ሌባ ብቻ ነው፤ ዶሮ ሌባ ደግሞ ይገደላል። ማጎሪያው ይስፋ ቢባል መዞር ይችላል፤ ሽታው ግን ያው ነው። ይለቀቅ ቢባልስ? ዓመታት ሙሉ ገንፎ ሲቀርብለት የኖረ ወንድ፣ ጠባቂው ተሸክሞ ጫካ ዳር ያወርደዋል እንበል። በሩ ይከፈታል። ጥቂት እርምጃ ሄዶ የመጀመሪያውን ግንድ ያሸታል። ግንዱ ላይ ደብዳቤ አለ፤ የጻፈው ሌላ ነው።