የአርቪ ጄኔሬተር የርቀት ማስነሻ፦ የሽቦው አሠራርና የብልሽት ፍለጋ

የርቀት ማስነሻ በአርቪ ላይ የተገጠመን ጄኔሬተር ከተሽከርካሪው ውስጥ ሆኖ ለማስነሳትና ለማጥፋት የሚያገለግል ባለ 12 ቮልት የትእዛዝ መስመር ነው። አርቪ አልጋ፣ ማእድ ቤትና መታጠቢያ ያለው የጉዞ መኖሪያ ተሽከርካሪ ሲሆን በብዛት የሚገኘው በሰሜን አሜሪካ ነው። ጄኔሬተሩ ከወለሉ ሥር ወይም በጎን ባለ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ስዊቹ ግን በዳሽቦርድ፣ በማእድ ቤት ግድግዳ ወይም በአልጋ ራስጌ ላይ ነው። ሁለቱን የሚያገናኙት ቀጫጭን ሽቦዎች በወለል ሥር፣ በጎማ አጠገብና በማርሚታ አቅራቢያ ስለሚያልፉ ለውሃ፣ ለጨው፣ ለሙቀት፣ ለንዝረትና ለአይጥ ጥርስ የተጋለጡ ናቸው።

በዚህ መስመር ላይ የሚደርስ ብልሽት ብዙ ጊዜ የጄኔሬተሩ የራሱ ብልሽት ይመስላል። በዚህ ምክንያት ደኅና የቁጥጥር ቦርድና ደኅና ሞተሪኖ በከንቱ ይቀየራሉ። ቅደም ተከተል ያለው ፍለጋ ግን ርካሽ በሆነ መልቲሜትርና በትንሽ ትዕግሥት ጥፋቱን ወደ አንድ ሽቦ ወይም ወደ አንድ መሰኪያ ያጠብበዋል።

ዳራ

የአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ በመሆኑ የአርቪ ጄኔሬተሮችም ይህንኑ ያመነጫሉ። በዘርፉ ቀዳሚ ስም ያለው ኦናን በ1920 በሚኒሶታ ግዛት፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ በዴቪድ ኦናን ተመሠረተ። በ1986 ካሚንስ የተባለው የሞተር አምራች አብዛኛውን ድርሻ ገዛ፤ በ1992 ደግሞ ኩባንያውን ሙሉ በሙሉ ጠቀለለ። በ1959 በዊስኮንሲን የተቋቋመው ጄኔራክም ለአርቪ የሚሆኑ ጄኔሬተሮችን ሠርቷል። በመለስተኛ አርቪዎች ላይ የሚታዩት በአብዛኛው ቤንዚን ወይም ፕሮፔን የሚጠቀሙ የ2,800 እና የ4,000 ዋት ማሽኖች ናቸው፤ ትላልቆቹ ተሽከርካሪዎች በናፍጣ የሚሠሩ ከፍ ያለ ጉልበት ያላቸውን ይይዛሉ።

የመስመሩ ክፍሎች

የተለመደው የርቀት ማስነሻ አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ስዊቹ ነው፤ በአንድ በኩል ሲጫኑት «አስነሳ»፣ በሌላው በኩል «አጥፋ» ይላል፤ ሲለቁት በምንጭ ኃይል ወደ መሃል ይመለሳል። ሁለተኛው የሽቦ ጥቅሉ ሲሆን ቢያንስ ሦስት ሽቦ ይይዛል፤ እነዚህም የማስነሻ፣ የማጥፊያና የግራውንድ ሽቦዎች ናቸው። ለመብራትና ለሰዓት ቆጣሪ ፖዘቲቭ የሚያደርስ ተጨማሪ ሽቦም አብሮ ሊኖር ይችላል። ሦስተኛው ጥቅሉ ከጄኔሬተሩ ጋር የሚገናኝበት ባለ ብዙ ፒን መሰኪያ ነው። አራተኛው በጄኔሬተሩ ውስጥ ያለው የቁጥጥር ቦርድ ሲሆን፣ ትእዛዙን ተቀብሎ የሞተሪኖውን ሪሌ፣ የነዳጅ ፓምፑንና ማቀጣጠያውን የሚያዘው እሱ ነው።

ጄኔሬተሩ ራሱም በሰውነቱ ላይ ተመሳሳይ ስዊች አለው። ይህ ስዊች ለብልሽት ፈላጊው ትልቅ መሣሪያ ነው፤ ምክንያቱም ተመሳሳይ ትእዛዝ ረጅሙን መስመር ሳይነካ ለቦርዱ ያደርሳል።

አሠራር

በኦናንም ሆነ በጄኔራክ የአርቪ ጄኔሬተሮች የተለመደው ዘዴ ትእዛዙን በግራውንድ መስጠት ነው። ስዊቹ ወደ ጄኔሬተሩ ፖዘቲቭ አይልክም፤ የሚያደርገው ከቦርዱ የመጣውን የማስነሻ ሽቦ ከግራውንድ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። ቦርዱ ሽቦው ወደ ዜሮ ቮልት መውረዱን ሲያይ ሞተሪኖውን ያዞራል። የማጥፊያው ሽቦም በዚሁ መንገድ ይሠራል። በጄኔራክ የሽቦ ቁጥር አሰጣጥ 17 ቁጥር የማስነሻ፣ 18 ቁጥር የማጥፊያ፣ 0 ደግሞ የግራውንድ ሽቦ ነው።

ከዚህ ሁለት ጠቃሚ ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ በስዊቹ ሽቦዎች ውስጥ የሚያልፈው ከረንት በጣም ትንሽ ነው። ሞተሪኖውን የሚያዞረው ከባድ ከረንት ከባትሪ በወፍራም ገመድ በቀጥታ ይመጣል እንጂ በስዊቹ በኩል አያልፍም። በአሜሪካ ልኬት ቁጥር 18 የሆነ የመዳብ ሽቦ በ10 ሜትር ርዝመት 0.2 ኦም ያህል ሬዚስታንስ ብቻ አለው፤ ስለዚህ የሽቦው ርዝመት ወይም ቅጥነት ለብቻው ትእዛዙን አያስቀርም። ትእዛዙን የሚያስቀሩት የዛገ መሰኪያ፣ የላላ ግራውንድና የተቆረጠ ሽቦ ናቸው። ሁለተኛ፣ ለሙከራ ብሎ በማስነሻው ሽቦ ላይ 12 ቮልት መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ግራውንድ ለሚጠብቅ ቦርድ ፖዘቲቭ መስጠት ደኅናውን ቦርድ ሊያቃጥል ይችላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ከራሱ ስዊች ይነሳል?

ማንኛውም ፍለጋ በጄኔሬተሩ ሰውነት ላይ ካለው ስዊች ይጀምራል። ከዚያ ከተነሳና በርቀቱ ስዊች ብቻ እምቢ ካለ፣ ባትሪው፣ ሞተሪኖው፣ ነዳጁና ቦርዱ ደኅና መሆናቸው ታወቀ፤ ጥፋቱ ከመሰኪያው እስከ ስዊቹ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ከሁለቱም ስዊቾች እምቢ ካለ ግን ጥፋቱ በጄኔሬተሩ ላይ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። የማጥፊያው ሽቦ በመንገድ ላይ ተልጦ ከሻሲው ጋር ሾርት ካደረገ ቦርዱ ያለማቋረጥ «አጥፋ» የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል፤ ስለዚህ ከራሱ ስዊችም ቢሆን አይነሳም። መለያው ዘዴ ቀላል ነው፦ የርቀቱን ጥቅል መሰኪያ ከጄኔሬተሩ ነቅሎ እንደገና ከራሱ ስዊች መሞከር። ተነቅሎ ከተነሳ ጥፋተኛው ጥቅሉ ነው። ተነቅሎም ካልተነሳ ፍለጋው ወደ ባትሪው፣ ወደ ፊውዙና ወደ ቦርዱ ይዞራል። ይህን ሙከራ መዝለል አላስፈላጊ ቦርድ ለመግዛት ከሚዳርጉ ስሕተቶች ዋነኛው ነው።

ምልክቶችና ትርጉማቸው

ስዊቹ ሲጫን ምንም ድምፅ ከሌለ፣ የማስነሻው ሽቦ ተቆርጧል፣ ግራውንዱ ጠፍቷል ወይም ስዊቹ ራሱ አይገናኝም። የቦርዱ ፊውዝ ተቃጥሎም ሊሆን ይችላል። ለመብራቱና ለሰዓት ቆጣሪው ፖዘቲቭ በሚወስደው ሽቦ ላይ ሾርት ሲፈጠር በአንዳንድ ሞዴሎች ይኸው ፊውዝ ይሄዳል።

ሪሌው ቀጭ ብሎ ሞተሪኖው ካልዞረ ትእዛዙ ደርሷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የስዊቹን ሽቦዎች መበርበር ጊዜ ማባከን ነው፤ መታየት ያለባቸው ባትሪው፣ ወፍራሙ ገመድና ጄኔሬተሩ ከሻሲው ጋር የሚታሰርበት ግራውንድ ናቸው።

ሞተሩ ተነስቶ ስዊቹ እንደተለቀቀ ከጠፋ የርቀቱ ሽቦ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። በቆዩ ሞዴሎች ቦርዱ ሞተሩ መነሳቱን የሚያውቀው ከጄኔሬተሩ የራሱ ጥቅልል በሚመለስ ቮልቴጅ ነው፤ ያ ቮልቴጅ ካልተመለሰ ወይም የዘይት ግፊት ስዊቹ በቂ ግፊት ካላሳየ ነዳጁን ያቋርጣል።

ማንም ሳይነካው በራሱ የሚነሳ ከሆነ የማስነሻው ሽቦ ከሻሲ ጋር ነክቷል፤ ወይም ከስዊቾቹ አንዱ ተጣብቋል፤ ወይም ጄኔሬተሩን ሲያስፈልግ ያለ ሰው የሚያስነሳው የራስ ሰር ማስነሻ አዞታል። ከሁሉም በላይ አስጊው ይህ ምልክት በመሆኑ ባትሪው ወዲያውኑ መፈታት አለበት።

በዝናብ፣ በጎርበጥባጣ መንገድ ወይም ሲሞቅ ብቻ የሚታይ ብልሽት ደግሞ በግማሽ የተበጠሰ ሽቦ ወይም ውሃ የገባበት መሰኪያ ምልክት ነው።

በመልቲሜትር መፈተሽ

ባትሪው ይቀድማል። ሙሉ የሆነ የ12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ ሥራ ሳይኖረው 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ሞተሪኖው ሲዞር በጄኔሬተሩ ተርሚናል ላይ የሚለካው ቮልቴጅ ከ10 በታች ከወረደ በባትሪው ተርሚናል ላይም መለካት ያስፈልጋል። ሁለቱ ከተቀራረቡ ባትሪው ደክሟል፤ የባትሪው ከፍ ብሎ የጄኔሬተሩ ዝቅ ካለ ጥፋቱ በመካከላቸው ባለው ገመድ ወይም ግራውንድ ላይ ነው። በብዙ አርቪዎች ጄኔሬተሩ የሚነሳው በመኖሪያ ክፍሉ ባትሪ ስለሆነ፣ የመኪናው ሞተር በደንብ መነሳቱ ስለ ጄኔሬተሩ ባትሪ ምንም አይናገርም።

ከዚያ ስዊቹ ከግድግዳው ወጥቶ ከጀርባው ይለካል። በብዙ ሞዴሎች ስዊቹ ሳይጫን በማስነሻው ሽቦና በግራውንድ መካከል ከቦርዱ የሚመጣ ቮልቴጅ ይታያል፤ ሲጫን ወደ ዜሮ ይወርዳል። ተጭኖም ካልወረደ ስዊቹ ወይም ግራውንዱ ተበላሽቷል። ሳይጫንም ዜሮ ከሆነ ሽቦው ከጄኔሬተሩ እስከ ስዊቹ ባለው መንገድ ተቆርጧል ወይም ሾርት አድርጓል።

ግራውንዱን ለመፈተን የመልቲሜትሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላው በስዊቹ የግራውንድ ተርሚናል ላይ ተደርጎ ስዊቹ ይጫናል። ንባቡ ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። ከጥቂት አሥረኛ ቮልት በላይ ካሳየ ዝገት አለ።

የሽቦ ቀጣይነትና የሾርት ምርመራ የሚደረገው ባትሪው ተፈትቶ መሰኪያውም ተነቅሎ ነው። እያንዳንዱ ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከአንድ ኦም በታች ማሳየት አለበት፤ ስዊቹ መሃል ላይ ሳለ ደግሞ የማስነሻውም የማጥፊያውም ሽቦ ከሻሲው ጋር ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም። መልቲሜትሩ እየነበበ ጥቅሉን በየቦታው ማነቃነቅ በግማሽ የተበጠሰውን ቦታ ያጋልጣል።

በመጨረሻም የሽቦ ሥዕሉ በእጅ ካለ በመሰኪያው ላይ የማስነሻውን ፒን ከግራውንዱ ፒን ጋር በአጭር ሽቦ ለቅጽበት ማገናኘት ይቻላል። ጄኔሬተሩ ከተነሳ ቦርዱ ከመሰኪያው የሚመጣውን ትእዛዝ በትክክል ይቀበላል ማለት ነው። የፒኖች አቀማመጥ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ በግምት ማገናኘት አደገኛ ነው፤ የሽቦ ቀለምም ብቻውን አይታመንም፤ የአርቪ አምራቹ ሽቦውን ሲያስረዝም ሌላ ቀለም ተጠቅሞ ሊሆን ይችላልና።

ብልጭታዎች፣ ሁለት ፓነሎችና ራስ ሰር ማስነሻ

በኤሌክትሮኒክ ቦርድ የሚሠሩ የኦናን ሞዴሎች የስዊቹን መብራት በማብለጭለጭ ብልሽታቸውን ይናገራሉ። ሁለት ብልጭታ ዝቅተኛ የዘይት ግፊትን፣ አራት ብልጭታ ሞተሪኖው ከተፈቀደው ጊዜ በላይ መዞሩን ያመለክታል። ሦስት ብልጭታ ከሆነ «አጥፋ»ን አንድ ጊዜ ሲጫኑ ባለ ሁለት አሃዝ ኮድ ይወጣል። 32 ሞተሪኖው እጅግ በዝግታ መዞሩን ስለሚናገር ወደ ባትሪና ወደ ገመድ ይመራል፤ 36 ግን ሞተሩ ያለ ትእዛዝ መቆሙን ስለሚናገር ብዙ ጊዜ ወደ ነዳጅ ይመራል። መብራቱ ከጠፋ በኋላ «አጥፋ»ን በአምስት ሰከንድ ውስጥ ሦስት ጊዜ መጫን ብልጭታውን ይመልሰዋል። ኮዱን ሳያነቡ ሽቦ መፍታት ማሽኑ ራሱ የሰጠውን መረጃ መጣል ነው።

ትላልቅ አርቪዎች ከአንድ በላይ ፓነል ይኖራቸዋል። ስዊቾቹ ጎን ለጎን በተመሳሳይ ሽቦዎች ላይ ስለሚያያዙ የአንዱ መጣበቅ ሁሉንም ያውካል፤ ፍለጋው አንዱን በአንድ ጊዜ እየነቀሉ ነው። ባትሪው ሲደክም ወይም አየር ማቀዝቀዣው ኃይል ሲፈልግ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ራስ ሰር መቆጣጠሪያም በእነዚሁ ሽቦዎች ላይ ይገባል። ስለዚህ ከምርመራው በፊት መጥፋት፣ ከተጠረጠረም መነቀል አለበት።

ጥገና

አረንጓዴ ዝገት የያዘ ሽቦ ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ድረስ ይቆረጣል። ሽቦውን ሳይልጡ በመጫን ብቻ የሚያገናኙ ማያያዣዎች ክሮቹን ስለሚቆርጡና ውሃ ስለሚያስገቡ ከወለል ሥር አይመከሩም። የሚሻለው በመጭመቂያ የተያዘና ውስጡ ሙጫ ባለው በሙቀት የሚሸመቀቅ ሽፋን የታሸገ መገጣጠሚያ ነው። የግራውንድ ማሰሪያ ቦታ ቀለሙና ዝገቱ ተፍቆ ብረቱ መታየት አለበት። አዲስ ሽቦ ከማርሚታው ርቆ፣ በየአጭር ርቀቱ ታስሮና በመከላከያ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ይዘረጋል። ከጥገናው በኋላ ጄኔሬተሩ ከእያንዳንዱ ፓነል ተነስቶ መጥፋት ይኖርበታል፤ የተለወጠው የሽቦ ቀለምም በሥዕሉ ላይ ይመዘገባል።

ደኅንነት

ከሽቦ ሥራ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ መጀመሪያ ይፈታል፤ ሲታሰር መጨረሻ ይታሰራል። ለሙከራ ኃይል ማስፈለጉ አይቀርም፤ ያኔ እጅና ልብስ ከሚሽከረከሩ ክፍሎች መራቅ አለባቸው፤ የራስ ሰር ማስነሻ ያለው ማሽን ያለ ማስጠንቀቂያ ይዞራልና። ሞተሪኖውን በተደጋጋሚ ለረጅም ጊዜ ማዞር ያቃጥለዋል፤ በሙከራዎች መካከል መቀዝቀዝ ይገባዋል።

ጄኔሬተሩ ሲሠራ ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል። በአሜሪካ ኤንኤፍፒኤ 1192 የተባለው የአርቪ ደረጃ የዚህን ጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ግዴታ ያደርጋል። የብሔራዊ ኤሌክትሪክ ኮድ አንቀጽ 551 በበኩሉ የጄኔሬተሩ ኃይል ከውጭ ከሚመጣው ኃይል ጋር እንዳይገናኝ የሚከላከል አሠራር ይጠይቃል። በጋዙ ምክንያት ሙከራው በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ፈጽሞ አይደረግም፤ የርቀቱን ስዊች የሚጫን ሰውም ማሽኑን ስለማያየው፣ በአጠገቡ ሰው አለመኖሩንና ማርሚታው በሰው መስኮት ፊት አለመሆኑን አስቀድሞ ወርዶ ማረጋገጥ ግዴታው ነው።