በካርታ ላይ ያለ መንገድ ክረምትንም ማወቅ አለበት

በመንዝ፣ በግሼ እና በመርሐቤቴ ደጋማ ቀበሌዎች መንገድ የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም። ከሸለቆው ማዶ በዓይን የሚታይ ገበያ ለመድረስ ቁልቁለቱን መውረድ፣ ወንዙን መሻገር፣ ዳገቱን መውጣት ግድ ነው። የመንገድ ትስስርን በኢንተርኔት የሚያሰሉ ፕሮግራሞች ይህን የሚያውቁት መረጃው በአግባቡ ሲጻፍላቸው ነው።

መረጃው የሚጻፍበት፣ ማንም ያለ ክፍያ የሚጠቀምበት የጋራ ደንብ ክፍት መስፈርት ይባላል። በአውሮፓውያኑ 2004 በእንግሊዝ የተጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ በጎ ፈቃደኞች የሚሞሉት ክፍት የዓለም ካርታ ነው። በዚህ ካርታ መንገድ ማለት ነጥቦችን የሚያያይዝ መስመር ነው። ሁለት መንገዶች በሥዕሉ ላይ ቢገናኙም የጋራ ነጥብ ከሌላቸው ኮምፒውተሩ ከአንዱ ወደ ሌላው መታጠፍ እንደሚቻል አያውቅም። አንዲት የተረሳች ነጥብ ቀበሌውን ከገበያው ትቆርጠዋለች።

የአጻጻፍ ቅደም ተከተልም ዋጋ አለው። ጂኦጄሶን የተባለው መስፈርት ኬንትሮስን ያስቀድማል፤ ኬክሮስን ያስቀደመ ሰው መሐል ሜዳን ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ያገኛታል።

ለአካባቢያችን ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከመስመሩ ጋር የሚያያዘው መግለጫ ነው፦ መንገዱ አስፋልት ነው፣ ጠጠር ወይስ የአፈር ጥርጊያ? ወንዙ ድልድይ አለው ወይስ በውኃው ውስጥ የሚታለፍ ነው? ከሙከጡሪ በለሚ አድርጎ ጀማን በመሻገር ዓለም ከተማ የሚደርሰው መንገድና በበጋ ብቻ መኪና የሚያልፍበት ጥርጊያ በካርታው እኩል ከተመዘገቡ፣ ስሌቱ በሐምሌ ወላድ የጫነን መኪና ወደ ሞላ ወንዝ ሊመራ ይችላል።

ጉዳዩ የዕቅድም ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ያለመ ነበር። የዓለም ባንክ ያስተዋወቀው የገጠር ተደራሽነት መለኪያ ደግሞ እንዲህ ካለው መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖረውን የገጠር ሕዝብ ድርሻ ይቆጥራል። ርቀቱ በካርታ ላይ ቀጥ ብሎ ሲሰመር ከገደሉ ማዶ ያለው አርሶ አደርም መንገድ እንዳገኘ ይቆጠራል። በእግር መንገዱና በዳገቱ ሲሰላ ግን ውጤቱ ሌላ ነው፤ ለዚህም የእግር መንገዶቹ መመዝገብ አለባቸው።

ጂፒኤስ ያለው ስልክ የያዘ ወጣት እህል ጭኖ ገበያ ሲወርድ የሄደበትን መስመር መቅዳትና በኋላ በካርታው ላይ ማስገባት ይችላል። መሻገሪያው ላይ ሲደርስ ወንዙ ከየትኛው እስከ የትኛው ወር እንደማያሻግር አብሮ ቢጽፍ፣ ከሳተላይት ፎቶ የማይገኘውን ጨመረ ማለት ነው።