ከካርቱም የወጣውና በካርቱም የቀረው መዝገብ

የካርቱም ከበባ በታሪክ ክፍለ ጊዜ በተነሣ ቁጥር ተማሪዎቻችን የሚይዙት የጄኔራል ጎርደንን አሟሟት ነው። እኛ ግን ለዛሬ የወረቀቶቹን ዕጣ ለማውሳት እንወዳለን። (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎርደን ካርቱም የገባው የካቲት 18 ቀን 1884 ሲሆን፣ ወር ሳይሞላው ከካይሮ ጋር የሚያገናኘው የቴሌግራፍ ሽቦ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ መልእክት የሚላከው በእግረኛና በእንፋሎት ጀልባ ነበር። እግረኛው የሚደብቀው ወረቀት አንዳንድ ጊዜ ከቴምብር አይበልጥም። መልሱ እስኪመጣ ተብሎ ሥራ አይቆምም፤ ምሽግ ይጠገናል፣ እህል ይሰፈራል፣ ሌላ መልእክተኛ ይላካል፤ መልስ ከመጣም በመጣበት ሰዓት ይነበባል።

በመስከረም ወር ኮሎኔል ስቴዋርት «አባስ» በተባለችው ጀልባ ብዙ ሰነድ ይዞ ወደ ሰሜን ወረደ። ጀልባዋ ከዓለት ጋር ተላትማ ቀረች፤ እርሱም ተገደለ፤ ወረቀቱ በመሐዲው እጅ ገባ። መሐዲውም ለጎርደን በላከው ደብዳቤ የሰነዶቹን ይዘት አንድ በአንድ ዘረዘረለት።

ጎርደን ራሱ ከመስከረም 10 ጀምሮ የጻፈውን የዕለት ማስታወሻ በስድስት ጥራዝ ከፋፍሎ በየጊዜው በጀልባ ይልክ ነበር። ጥራዞቹ በጥር 1885 መተማ አጠገብ ለእንግሊዝ ጦር ደረሱ። (ይህች በሸንዲ አንጻር ያለችው የሱዳን መተማ ናት እንጂ ዐፄ ዮሐንስ የወደቁባት የእኛዋ አይደለችም፤ ተማሪዎች ዘወትር ያምታቷቸዋል።) በዚያው ዓመትም ለንደን ላይ ታተሙ። የማስታወሻው መጨረሻ ታኅሣሥ 14 ነው፤ ከተማይቱ የወደቀችው ጥር 26 ነው። የ43ቱ ቀን የዕለት ማስታወሻ አልተገኘም።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በኮምፒውተር መረጃ ሲከማች ያው ጥያቄ ይመጣል። ራም የሚባለው ውስጣዊ ማስታወሻ እጅግ ፈጣን ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ግን ባዶ ይሆናል። ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ የተባለ ኢጣሊያዊ በ2009 ያወጣው ሬዲስ መረጃውን የሚይዘው በዚሁ ማስታወሻ ላይ ነው። መረጃውን የሚያስገባው ፕሮግራም አስቀድሞ ቅጽ ሊያበጅ ይችላል፤ የስም ቦታ ፊደል እንጂ ቁጥር አይቀበልም፣ የዓመት ቦታ ቁጥር እንጂ ፊደል አይቀበልም፤ ልክ እንደ ትምህርት ቤታችን የውጤት መዝገብ ማለት ነው። ጥያቄውን ከላከ በኋላም እጁን አጣጥፎ መጠበቅ የለበትም፤ መልሱ እስኪደርስ የሌላውን ጉዳይ ሊፈጽም ይችላል። እንዳይጠፋ ደግሞ ሁለት ዘዴ አለ፤ ወይ በየጊዜው የመላውን መረጃ ግልባጭ በዲስክ ላይ ማኖር፣ ወይ እያንዳንዱን ለውጥ በተራ መጻፍ። በሁለተኛው ዘዴ በተለመደው አሠራር በየሰከንዱ ወደ ዲስክ ስለሚገለበጥ፣ ድንገት አደጋ ቢደርስ የሚጠፋው የአንድ ሰከንድ ያህል ሥራ ነው። የጎርደን ግን 43 ቀን ነበር።

ይሁን እንጂ ዲስኩም ያለው በአንድ ከተማ ነው። ጦርነቱ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ከተነሣ በኋላ፣ በግንቦት ወር በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። በየካቲት 2024 የስልክ መስመሮች በአብዛኛው አገር ጸጥ ሲሉ፣ በካርቱም ባንክ «ባንካክ» ገንዘብ እየተቀበለ ዳቦ የሚገዛው ሕዝብ ሒሳቡ ሳይጎድል እጁ ባዶ ሆነ። የ2023 የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተናም የተሰጠው በታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ነው፤ ያውም በሁሉም ክፍለ አገር አይደለም።

ካርቱም ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያንም በብዛት በመተማ፣ በእኛዋ መተማ፣ በኩል ገብተዋል። ሰነዱን ጥሎ የወጣ ተማሪ በአንድ ርእሰ መምህር ፊት ቆሞ ስምንተኛን መጨረሱን ሲናገር ማስረጃው የገዛ አፉ ነው። መዝጋቢው ቅጹን ይዘረጋል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የመጣበት ትምህርት ቤት። አማካይ ውጤት ከሚለው ቦታ ሲደርስ ብዕሩ ይቆማል።