ካናቴራው ስንት ነው? የድር፣ የማግና የቀለም ዋጋ ታሪክ

 

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ተራ ሊመስላችሁ ይችላል፤ በብዛት የሚታተም የካናቴራ ዋጋ ነው። ለስግድ በዓል፣ ለባር ሚጽዋ፣ ለሠርግ፣ ለኳስ ቡድን፣ ከውትድርና ሥልጠና ለሚመረቁ ልጆቻችን ካናቴራ ይታዘዛል። በጦር ሠራዊቱ ያገለገልን ሁሉ የሥልጠና ማብቂያ ካናቴራችንን እናውቃታለን፤ ቀለሟ ለቆም ቢሆን ከቁም ሳጥን አትወጣም። ከወገኖቻችን መካከልም በዚህ ሙያ ትንሽ ድርጅት ከፍተው እንጀራ የሚበሉ ወጣቶች አሉ። ታዲያ በየቀኑ የሚሰሙት ጥያቄ አንድ ነው፦ «መቶ ስናዝዝ ስንት ትቀንስልናለህ? ለወገን ዋጋ አድርግልን እንጂ!» ይህ ጥያቄ ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ ረጅም ታሪክ አለው። እስቲ አብረን እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ከምንኖርባት ከተማ እንነሣ። ነስ ጺዮና ስሟን ያገኘችው ከአንድ ጨርቅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በ1883 ሮቤን ሌረር የተባለ ከሩሲያ ግዛት የመጣ አይሁዳዊ ዋዲ ሐኒን በሚባለው በዚህ ቦታ ሰፈረ። በ1891 ደግሞ ሚካኤል ሃልፐሪን ተጨማሪ መሬት ገዝቶ ሰዎቹን ኮረብታ ላይ ሰበሰበና «ነስ ጺዮና» የሚሉ ቃላት በወርቃማ ቀለም የተጻፉበት ሰማያዊና ነጭ ባንዲራ ዘረጋ። ስሙ ከነቢዩ ኤርምያስ ምዕራፍ 4 ቁጥር 6 የመጣ ሲሆን ወደ ጽዮን የሚነሣውን ዓላማ፣ ማለትም ባንዲራ፣ ያመለክታል። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ያ ባንዲራ አንድ ነበር። አንድ ብቻ ሲሠራ ጨርቁን የመቁረጡ፣ ፊደሉን የመንደፉ፣ ቀለሙን የማዘጋጀቱ ድካም ሁሉ በዚያች በአንዷ ላይ ያርፋል። መቶ ቢሠራ ግን ንድፉ ያው አንዱ ነው። የብዛት ዋጋ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው።

ይህን ምሥጢር ጎንደር የነበሩት አባቶቻችንም አሳምረው ያውቁት ነበር። የቤተ እስራኤል ወንዶች ሸማኔና ቀጥቃጭ፣ ሴቶቹ ደግሞ ሸክላ ሠሪ እንደነበሩ የታወቀ ነው። ጥጡን ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ባለቤቱ ፈትሉን ይዞ ወደ ሸማኔው ይመጣል። ሸማኔው መወርወሪያውን ከመያዙ በፊት ድሩን ማድራት አለበት፤ ክሩን አንድ በአንድ መደርደር፣ ማወጠር፣ ማስተካከል። ይህ ሁሉ ሲሆን ገና አንድ ክንድ ሸማ አልተሠራም። ድሩ ከተደራ በኋላ ግን ማጉ እየተመላለሰ ሥራው ይገሠግሣል። ድሩ ረዘም ካለ የማድራቱ ድካም ለብዙ ክንድ ይከፋፈላል፤ አጭር ከሆነ በትንሹ ሸማ ላይ ይከብዳል። የማድራት ድካም አንድ ጊዜ ነው፣ የማጉ ድካም ግን በየክንዱ ነው። ያኔ ክፍያው በእህል፣ በአሞሌ ጨው ወይም በማርያ ትሬዛ ብር ሊሆን ይችላል፤ ሒሳቡ ግን ዛሬ ካለው አይለይም።

ታዲያ ሸማኔው የድካሙን ዋጋ በድፍረት መጠየቅ ይችል ነበር ወይ? እዚህ ላይ ታሪካችን መራራ ነው። በአፄ ይስሐቅ ዘመን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ አባቶቻችን በጦርነት ከተሸነፉ በኋላ ያልተጠመቀ ሰው ርስት እንዳይወርስ እንደታወጀ ይነገራል። ርስት የሌለው ሰው የሌላውን መሬት በጭሰኝነት ያርሳል፣ ወይም በእጁ ሙያ ይኖራል። ጎንደር በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስትገነባ የእኛ ሰዎች በግንበኝነትና በአናጢነት አገልግለዋል። ነገር ግን ሙያው ክብር አላመጣም። ብረት የሚቀጠቅጠውና ሸክላ የምትሠራው «ጠይብ»፣ ሲብስም «ቡዳ» እየተባሉ ተሰደቡ። ማረሻው፣ እንስራውና ሸማው ግን ለሁሉም ያስፈልግ ነበር። ሥራውን እየፈለጉ ሠሪውን መናቅ ማለት ይህ ነው። የተናቀ ሰው ደግሞ በዋጋ አይከራከርም፤ የሰጡትን ይቀበላል። መሬት ለአራሹ የታወጀው በ1975 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ብዙዎቹ ወላጆቻችን በዚህ ሁኔታ ኖረዋል።

ወደ ሕትመቱ እንምጣ። ዛሬ ሲልክ ስክሪን የምንለው ዘዴ በምሥራቅ እስያ ለብዙ ዘመናት ሲሠራበት ከቆየው ጨርቅ ላይ በቅርጽ ከማተም ሙያ የወጣ ነው። በ1907 ሳሙኤል ሳይመን የተባለ የማንቸስተር ሰው በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት አገኘበት። በ1960ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው ማይክል ቫሲላንቶን እየዞረ ብዙ ቀለም የሚያትም መሣሪያ ሠራ፤ የካናቴራ ሕትመትም ትልቅ ንግድ ሆነ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ስስ መረብ በክፈፍ ላይ ይወጠራል። ምስሉ በብርሃን ይቀረጽበታል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ከዚያ ቀለሙ በጎማ እየተገፋ በመረቡ ያልፍና ጨርቁ ላይ ያርፋል፤ በመጨረሻም በ160 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይበስላል። ሦስት ቀለም ካለ ሦስት ክፈፍ ያስፈልጋል። ካናቴራው ጥቁር ከሆነ ከሥር ነጭ መደብ ስለሚታተም ሌላ ክፈፍ ይጨመራል። አያችሁ? ክፈፉን ማዘጋጀት ማለት ድሩን ማድራት ማለት ነው። ጎማውን መግፋት ደግሞ መወርወሪያውን መወርወር ነው።

አሁን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ባዶው ካናቴራ 15 ሸቅል፣ ማተሙ ለአንድ ቀለም 2 ሸቅል፣ አንድ ክፈፍ ማዘጋጀት 100 ሸቅል ይሁን። ባለ ሦስት ቀለም ሥራ ማዘጋጃው 300፣ ማተሙ 6 ሸቅል ይሆናል ማለት ነው።

10 ካናቴራ ቢታዘዝ የአንዱ ወጪ 15 እና 6 እና 30፣ ማለትም 51 ሸቅል ነው።
100 ቢታዘዝ 15 እና 6 እና 3፣ ማለትም 24 ሸቅል ነው።
1000 ቢታዘዝ 21 ሸቅል ከ30 አጎራ ነው።

ከ10 ወደ 100 ስንሄድ 27 ሸቅል ቀነሰ። ከ100 ወደ 1000 ስንሄድ ግን የቀነሰው 2 ሸቅል ከ70 አጎራ ብቻ ነው። የሚከፋፈለው የማዘጋጃው ድካም ስላለቀ ነው። በጅምላ የሚገዛ ሰው በባዶው ካናቴራ ላይ ትንሽ ቅናሽ ያገኝ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ግን የሚነካው የሰው ጉልበት ነው።

ባለ ድርጅቱ መቶውን በ32 ሸቅል ቢሸጥ ከእያንዳንዱ 8፣ በጠቅላላ 800 ሸቅል ይቀረዋል። ከዚህ ላይ ኪራይ፣ መብራት፣ የተበላሸ ካናቴራ ምትክና የልጆቹ እንጀራ ይወጣል። እንግዲህ የእናቱ ዘመድ መጥተው «ልጄ፣ 25 ከመቶ ቀንስልኝ» ቢሉት ዋጋው 24 ይሆናል። 800ው ሸቅል እንዳለ ሄደ! ዘመዱ የጠየቁት ሩቡን ነው፣ የወሰዱት ግን ሙሉውን ነው። ይህን ክፋት ኖሮባቸው አላደረጉትም፤ ሒሳቡ ስላልታያቸው ነው።

የሚገርመው ነገር፣ ይህን የማዘጋጃ ወጪ ለማስወገድ ከተደረጉት ትላልቅ ሥራዎች አንዱ እዚሁ አጠገባችን፣ በሬሖቮትና በነስ ጺዮና አካባቢ የተሠራ ነው። ቤኒ ላንዳ በ1977 ኢንዲጎ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። በ1993 ድርጅቱ ያለ ሕትመት ሳህን ከኮምፒዩተር በቀጥታ ወረቀት ላይ በቀለም የሚያትም መሣሪያ ለዓለም አሳየ፤ በ2002 ኤችፒ ገዛው። ይህ ለወረቀት ነበር። በዚያው በ2002 ደግሞ በሮሽ ሃዓይን ኮርኒት የተባለ ድርጅት ተቋቁሞ ጨርቅ ላይ በቀጥታ የሚያትሙ መሣሪያዎችን መሥራት ጀመረ። በዲጂታል ሕትመት ክፈፍ የለም፤ አንድም ሆነ ሃያ ማተም ይቻላል። ነገር ግን ቀለሙ ውድ ነው፣ ሥራውም በፍሬ ይዘገያል። በምሳሌያችን የዲጂታሉ ማተሚያ ለአንዱ 20 ሸቅል ነው እንበል፤ ከካናቴራው ጋር 35 ሆነ፣ 10ም ይሁን 1000። ሒሳቡን ስትሠሩት እስከ 21 ድረስ ዲጂታሉ ይረክሳል፣ ከ22 ጀምሮ ክፈፉ ይረክሳል። ስለዚህ አዋቂ ባለሙያ ዋጋ ከመናገሩ በፊት «ስንት ነው? ስንት ቀለም ነው? ጨርቁ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ሊያጉላላችሁ አይደለም።

ታዲያ ቅናሽ የለም ማለት ነው? አለ እንጂ! በእኛው ምሳሌ ሦስቱን ቀለም ወደ አንድ ብታወርዱ የመቶው ወጪ ከ24 ወደ 18 ይወርዳል፤ ማንም ሳይጎዳ። ሁለት ማኅበራት በአንድ ንድፍ አብረው ቢያዝዙ ማዘጋጃውን ይካፈላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህም ይሠራል። በአዲስ አበባ ታላቁ ሩጫ በ2001 ሲጀመር የተሳተፉት 10,000 ሰዎች ነበሩ፣ በኋላ ከ40,000 በላይ ሆኑ፤ ያን ሁሉ ሰው አንድ ዓይነት ካናቴራ ማልበስ የሚቻለው ንድፉ አንድ ስለሆነ ነው። ለስግድም በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ከመሮጥ ሁለት ወር ቀድሞ ማዘዝ ነው። ዋጋ ስታወዳድሩ ደግሞ ማአም ተጨምሮ እንደሆነ ጠይቁ። ከጥር 2025 ጀምሮ 18 ከመቶ ስለሆነ 32 የተባላችሁት 37 ሸቅል ከ76 አጎራ ሊሆን ይችላል። ኦሴክ ፓቱር የሆነ ትንሽ ነጋዴ ግን ማአም አያስከፍልም፣ በገዛው ዕቃ ላይ የከፈለውም አይመለስለትም።

በመጨረሻ ወደ እምነታችን ልመለስ። ኦሪት በዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 እና በዘዳግም ምዕራፍ 25 ትክክለኛ ሚዛን እንዲኖረን ታዝዛለች። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ቁጥር 14 ደግሞ በመሸጥም ሆነ በመግዛት ወንድማችንን እንዳንበድል ይነግረናል። የሚሽና ሊቃውንት ከዚህ ተነሥተው ስለ ሸቀጥ ሲያስተምሩ ዋጋው ከትክክለኛው በስድስተኛ እጅ ከተዛባ በደል ነው ብለዋል፤ ሕጉም ለገዢም ለሻጭም ነው። አባቶቻችን በኢትዮጵያ ሚሽና አልነበራቸውም፣ ኦሪትን ግን በልባቸው ይዘው ነበር። ብዙ የምንሰማው ሻጭ እንዳያታልል ነው። ገዢም ወንድሙን ከዋጋ በታች ሊያራቁተው እንደማይገባ ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? የሠራተኛን ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስጡ የሚለው የዘዳግም ምዕራፍ 24 ትእዛዝም፣ ካናቴራውን ለብሰን ስናበቃ ሒሳቡን በሚቀጥለው ወር ለምናስተላልፍ ሁሉ ይመለከታል።

በአባቶቻችን ላይ የደረሰው ትልቁ በደል ስድቡ ብቻ አልነበረም፣ የእጃቸው ድካም እንደ ምንም መቆጠሩም ነበር። ዛሬ በነፃነት በምንኖርበት አገር ያንኑ በደል እኛው በልጆቻችን ላይ እንዳንደግመው እንጠንቀቅ። የወገን ዋጋ ማለት ርካሽ ዋጋ ማለት አይደለም፤ ወገን ሆኖ ሥራውን አይቶ፣ ድካሙን አውቆ፣ በጊዜው የሚከፈል እውነተኛ ዋጋ ማለት ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በየአገራችሁ እንዴት እንደሆነ ጻፉልኝ። እግዚአብሔር የእጃችንን ሥራ ይባርክልን። ሰላም ሁኑ፣ ቸር ወሬ ያሰማን!