ያገለገለ ሱፐርሞቶና የገላባት መንገድ

የሰሊጥ ሂሳብ ተዘግቶ ገንዘብ እጅ ላይ ሲገባ ከልጆቻችን የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ ሞተር ይገዛልን የሚል። አሁን አሁን ደግሞ ሞተሩ በስም ይጠራል፤ ሱፐርሞቶ፣ ያገለገለም ቢሆን። እኛም ዋጋውን ጠይቀን ወይ እንቆጣለን ወይ እንከፍላለን። ነገር ግን ከዋጋው በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። በገዳሪፍና በጎንደር መካከል ባለው መንገድ ከበቅሎ ጀምሮ ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩት አባቶቻችን ያውቋቸው ነበር።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ እንወቅ። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካርልስባድ በተባለ የውድድር ሜዳ፣ ኤቢሲ የተባለው ቴሌቪዥን ከተለያዩ የሞተር ውድድሮች የመጡ ጋላቢዎችን በአንድ ሜዳ አጋጠመ። ሜዳው ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ አፈር ነበር። የዳገትና የጭቃ ሞተር ላይ የአስፋልት ጎማ መግጠም የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። ጨዋታው ወደ አውሮፓ ተሻግሮ፣ በተለይ ፈረንሳይ ውስጥ ሥር ሰደደ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የዓለም ሻምፒዮና ሆነ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎች ለመንገድ የተፈቀዱ ዓይነቶችን አወጡ፤ የሱዙኪ ዲአርዜድ 400 ኤስኤም እ.ኤ.አ. በ2005 ሞዴልነት ወጣ፣ ያማሃም ብዙ ሳይቆይ ደብልዩአር 250 ኤክስን አስከተለ። ባለ አንድ ፒስተን፣ ቀላል፣ ቁመቱ ረጅም፣ ጎማው ባለ 17 ኢንችና ሰፊ፣ የፊት ፍሬኑ ኃይለኛ ነው። ጉድጓድ በበዛበት ከተማ እንዲህ ያለ ሞተር የሚወደድበት ምክንያት አለው። መኪና መሀል በቀላሉ ይታጠፋል፣ ነጂው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ከፊቱ ያለውን ያያል፣ ጉድጓዱንም ሞተሩ ይውጥለታል።

አሁን ወደ መንገዳችን እንመለስ። በ19ኛው መቶ ዘመን የገላባትና የመተማ ገበያ ከደጋ የሚወርደው ቡና፣ ሰም፣ ፈረስና በቅሎ ከሱዳን ጥጥና ሸቀጥ ጋር የሚገናኝበት ነበር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚያው መተማ ላይ ወደቁ። በ1894 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመው ውል ወሰኑ ሲሰመር፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ኮር የሁለት መንግሥት ድንበር ሆነ። ገበያው ግን አልተቋረጠም።

በዚያ ዘመን በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ያያል፣ ሰኮናዋን ያነሳል፣ ጭኖ ያስኬዳታል። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላም ገንዘብ አይቆጥርም፤ ሻጩን «ዋስ ጥራ» ይለዋል። ነገ ባለቤት ነኝ ባይ ቢመጣ የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበት። ዋስ የሌላት በቅሎ ርካሽ ብትሆንም ውድ ነበረች።

የዛሬው ዋስ ወረቀት ነው። መተማ ላይ ሊብሬ እንላለን፣ ገዳሪፍ ላይ ሩክሳ። በሁለቱም በኩል ጥያቄው አንድ ነው፦ ሻሲው ላይ የተመታው ቁጥርና ወረቀቱ ላይ ያለው ይገጥማል? ሞተሩ ላይ ያለውስ? ሻጩ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሰው ነው ወይስ «የወንድሜ ነው» ይላል? በአንዱ አገር ታርጋ ያለው ሞተር ወደ ሌላው ሲሻገር የጉምሩክ ጣጣው የሚመጣው በገዢው ላይ ነው። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት፣ በራሷ አሳጠረች» እንደሚባለው፣ ወረቀት የሌለው ሞተር እንደልብ የሚያስኬድ ይመስላል እንጂ እስከ መጀመሪያው ኬላ ብቻ ነው የሚሄደው። ለአዲስ አበባ ያሰበ ደግሞ፣ ከተማዋ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ የሌለውን ሞተር ሳይክል ማገዷን አስቀድሞ ይወቅ።

ዋሱ ዛሬ ከወትሮው የሚከብድበት ሌላ ምክንያት አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በተነሳው ጦርነት ቤትና ሱቅ ተዘርፏል፣ ተሽከርካሪ ከየግቢው ተነድቶ ወጥቷል። የተዘረፈው ሁሉ የሚሸጥበት ገበያ ይፈልጋል። ባለቤቶቹ ደግሞ ብዙዎቹ በዚሁ በገዳሪፍና በገላባት በኩል ነፍሳቸውን ይዘው ያለፉ ናቸው፤ ከእኛም ሱቅ ውሃ የጠጡ አሉባቸው። ወረቀት የሌለው ርካሽ ሞተር ስንገዛ ከእነዚህ ሰዎች የአንዱን ንብረት እየገዛን ሊሆን ይችላል። ይህ ከሕግ በፊት የጉርብትና ነገር ነው። በዚህ ድንበር የኖርነው በመተማመን ነው፣ እሱ ከጠፋ ንግዱም አይኖርም።

ሁለተኛው ጥያቄ መለዋወጫ ነው። ለዚህ ከገላባት የተሻለ አስተማሪ የለም። ጣሊያኖች በሰኔ 1932 ዓ.ም. ገላባትን ከእንግሊዞች ቀሙ። በጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራ የእንግሊዝና የህንድ ጦር ምሽጉን መልሶ ለመያዝ ጥቃት ከፈተ፤ 12 ታንኮችም ነበሩት። ምሽጉ ተያዘ፣ ታንኮቹ ግን ብዙዎቹ በፈንጂና በድንጋይ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ ቆሙ። ጥገናው ሊጀመር ሲል መለዋወጫውን የጫነው መኪና በጣሊያን አውሮፕላን ተመታ። ያለ ታንክ መተማን መያዝ አልተቻለም፤ ጦሩም ወደ ኋላ አፈገፈገ። መለዋወጫ የሌለው መኪና ምንም ጉልበት ቢኖረው የቆመ ብረት ነው።

የዚያ ዘመን ምልክት በአፋችን ላይ ቀርቷል። ፍሬን፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፓራፋንጎ ስንል ጣሊያንኛ እየተናገርን ነው። ኮሩን ተሻግረን ገዳሪፍ ስንገባ ጎማው ለስቲክ፣ ጎሚስታው በንሸር ይሆናል፤ የኋለኛው ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው። ከነዚህ ቃላት አንድ የገበያ ብልሃት ይገኛል። ለምትገዙት ሞተር የሚያስፈልገውን ዕቃ በሁለቱም ቋንቋ ጠይቃችሁ በሁለቱም ገበያ ካገኛችሁ፣ ሞተሩ የዚህ አገር ሞተር ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ሲጂ 125 አነስተኛ ጥገና እንዲበቃው ታስቦ የተሠራ ስለነበር ቻይናዎች እየቀዱ አባዙት። ቦክሰርም እንዲሁ በየሱቁ ዕቃ አለው።

ሱፐርሞቶ ግን እዚህ ላይ ያታልላል። ጎማው 17 ነው፣ የቦክሰርም 17 ነው፤ ብዙ ሰው «እንግዲያው ችግር የለም» ይላል። ቁመቱ አንድ ቢሆንም ስፋቱ አይገናኝም። የዲአርዜዱ የፊት ጎማ 120/70፣ የኋላው 140/70 ነው፤ የቦክሰር ቀጭን ጎማ ለዚያ ሰፊ ቸርኬ አይሆንም። ስለዚህ ሞተሩን ከመግዛታችን በፊት ጎማውን ከየት እንደምናመጣ እንወቅ፣ ዋጋውንም ከሞተሩ ዋጋ ላይ እንደምር።

ሦስተኛው ጥያቄ መሬቱ ነው። የገዳሪፍ ሜዳ ዋልካ ነው፤ ሰሊጥና ማሽላ የሚያበቅለው ይኸው አፈር በክረምት ይጣበቃል። ሱፐርሞቶ የአስፋልት ጎማው ለስላሳ ስለሆነ በዋልካ ላይ ይንሸራተታል፤ የፊት ፓራፋንጎው ለጎማው የቀረበ ከሆነም ጭቃው መሀሉ ገብቶ ጎማውን ይይዘዋል። በበጋ ደግሞ ችግሩ አቧራ ነው፤ የአየር ማጣሪያው በየጊዜው ካልታጠበ ፒስተኑ ይበላል። ለገበያው መሀል አስፋልት ጥሩ ሞተር ነው፤ ከመኸር በፊት እርሻ ለማየት ለሚወጣ ሰው ግን አይደለም።

መብራቱንም በማታ አስሩና እዩት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሱዳን ደግሞ በ1973 ከግራ ወደ ቀኝ መንጃ ተሸጋገሩ። በመሀል ባሉት 9 ዓመታት ኮሩን የተሻገረ ሾፌር ሁሉ መንገዱን ይቀይር ነበር። ዛሬ ሁለታችንም በቀኝ ነን። ያገለገለው ሞተር ከጃፓን ወይም ከእንግሊዝ የመጣ ከሆነ ግን የተሠራው ለግራ መንገድ ነው፤ አጭር መብራቱ ወደ ግራ ስለሚያበራ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል። የመብራቱን ቤት ማስቀየር ግድ ነው።

ልጁ ሱፐርሞቶውን ይዞ ቢመጣ እንግዲህ የምንጠይቀው ይታወቃል። ዋሱ ማን ነው፣ ዕቃው ከየት ይመጣል፣ የሚነዳውስ በየትኛው መሬት ላይ ነው። ሦስቱም መልስ ካገኙ ይግዛ፣ እኛም እንርዳው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቢጎድሉ ቦክሰር ይሻለዋል። የመጀመሪያው ከጎደለ ግን ዋጋው ግማሽ ቢሆን እንኳ ገንዘቡ ኪሱ ይቆይ።